የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራና የግል ምስጢር፦ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሴንሰስ የሚባለው በ10 ዓመት አንዴ አይደለም እንዴ? ታዲያ አሁን ይህ ወፍራም ቅጽ ከየት መጣ?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋናው ቆጠራ በሕገ መንግሥቱ የታዘዘ ሲሆን ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል። የመጨረሻው መነሻ ቀኑ ኤፕሪል 1 ቀን 2020 ነበር፤ ቀጣዩ ኤፕሪል 1 ቀን 2030 ነው። ቅጹ አጭር ነው፦ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ቤቱ የራስ ይሁን ኪራይ፣ ስልክ፣ ከዚያም የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜና የልደት ቀን፣ የዘር ምንጭና ዝምድና። 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ወፍራሙ ቅጽ አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ ይባላል። እስከ 2000 ድረስ ከቆጠራው ጋር ለተወሰኑ ቤቶች ይላክ የነበረውን ረጅም ቅጽ ተክቶ ከ2005 ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚካሄድ ጥናት ነው። በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል አድራሻዎች በዕጣ ይወጣሉ። የሚመረጠው አድራሻው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ «እኔን ለይተው ፈለጉኝ» ብሎ መደንገጥ የሚመጣው ይህ ስለማይታወቅ ነው። ፖስታው ላይ ስም አይጻፍም፤ የአፓርታማው ነዋሪ ይላል። መጀመሪያ በኢንተርኔት እንዲሞሉ ይጠየቃሉ፣ ካልሞሉ ወረቀቱ ይከተላል፣ ካልመለሱት ደግሞ ሰው በር ሊያንኳኳ ይችላል።

ግሪን ካርድ የለኝም፣ ጥገኝነት ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው። እኔም እቆጠራለሁ?

አዎ። የ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በየግዛቱ ያሉ «ሰዎች» እንዲቆጠሩ ነው የሚለው፤ ዜጎች አይልም። ተማሪ፣ የሥራ ቪዛ ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ በሚኖርበት ቤት ይቆጠራል። ቅጹ የቪዛ ዓይነት አይጠይቅም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም አይጠይቅም።

ቤታችን ውስጥ ከሊዙ ውጪ የሚኖሩ ዘመዶች አሉ። እናቴም አራስ ለማረስ መጥታለች። ማንን ልጻፍ?

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ቆጠራ የሚጠይቀው «አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው የት ነው?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሊዙ ላይ ስሙ የሌለ የአጎት ልጅም፣ ቤዝመንት ተከራይቶ ከእናንተ ጋር የሚኖር ጓደኛም ይጻፋል። ኤፕሪል 1 ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን፣ ገና ሆስፒታል ቢሆንም ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲ ዶርም የሚያድር ልጅ እዚያው ትምህርት ቤቱ ስለሚቆጠር እናንተ ጋ አይደገምም። ለጥቂት ሳምንት አዲስ አበባ የሄደ ሰው ግን የቤታችሁ ሰው ነው። ለጉብኝት የመጡ እናት፣ መኖሪያቸው አገር ቤት እስከሆነ ድረስ፣ በዋናው ቆጠራ አይጻፉም።

ወፍራሙ ቅጽ የሚሠራው በሌላ ደንብ ነው፦ ሁለት ወር። ቅጹ በሚሞላበት ጊዜ ቤታችሁ ያለና ቆይታው ከሁለት ወር የሚበልጥ ሰው ይጻፋል። ስለዚህ አራስ ሊያርሱ መጥተው ስድስት ወር የሚቆዩት እናት ከ10 ዓመቱ ቆጠራ ይወጣሉ፣ ከዚህኛው ግን ይገባሉ። ይህን ሳያውቁ «ቪዛቸው ይበላሻል» ብሎ መደበቅ አያስፈልግም፤ ቅጹ እሳቸው በምን ቪዛ እንደገቡ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

የቤተሰባችን የመጨረሻ ስም ሁሉ የተለያየ ነው፤ የልደት ቀናችንም በትክክል አይታወቅም። የዋሸን ይመስልብን ይሆን?

አይመስልም። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው መጠራታቸው ቅጹን አያደናግረውም፤ ቤተሰብነትን የሚያሳየው «ከአንደኛው ሰው ጋር ያለው ዝምድና» የሚለው ሣጥን ነው። ስለዚህ ያንን ሣጥን ባዶ አይተዉት። ፓስፖርት ላይ እንዳለው የራስ ስምና የመጨረሻ ስም መጻፍ ይበቃል።

የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁ ከሆነ ዓመቱን ሳይለውጡ አይጻፉ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። 1960 ዓ.ም. የተወለዱ ሰው 1960 ብለው ቢጽፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃሉ። ቀኑ ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ ዕድሜውን በግምት ይጻፉ። ቆጣሪውም የሚፈልገው ግምቱን ነው፤ ባዶ ሣጥን ግን ሰው ያስመልሳል።

ዘር በሚለው ላይ ምን ልሙላ?

የፈለጉትን የመጻፍ መብቱ የእርስዎ ነው፤ ማንም አያርመውም። ለማወቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በ2020ው ቅጽ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» በሚለው ሥር ለምሳሌ ከተጠቀሱት መካከል ኢትዮጵያዊ የሚለው ይገኝበታል። በ2024 የተሻሻለው የፌዴራል መመሪያም ምሳሌውን ጠብቆታል። ሣጥኑን ብቻ ምልክት አድርገው ከሥሩ ያለውን መስመር ባዶ ከተዉ ጥቁር ተብለው ይቆጠራሉ፣ ኢትዮጵያዊ ተብለው ግን አይቆጠሩም። «አፍሪካዊ» ብሎ መጻፍም ውጤቱ ያው ነው። ሃይማኖትን ደግሞ ሴንሰስ አይጠይቅም፤ ማንም ሃይማኖቱን እንዲናገር እንዳይገደድ በ1976 ሕግ ወጥቶለታል። የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ሌላ ነገር ይዞ ነው የመጣው።

በር ያንኳኳው ሰው እውነት ከሴንሰስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሩን ሳይከፍቱ ይጀምሩ። እውነተኛ ቆጣሪ ፎቶው፣ ሴንሰስ የሚተዳደርበት የንግድ ሚኒስቴር ማኅተምና የሚያበቃበት ቀን ያለበት መታወቂያ ያንጠለጥላል፤ ቦርሳው ወይም ስልኩ ላይ የሴንሰስ ምልክት አለ። የሚመጣው በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ ምሽቱ 9 ባለው ጊዜ ነው። ስሙን ይጠይቁና በሩን እንደዘጉ ሴንሰስ ዶት ገቭ ላይ ባለው የሠራተኞች መፈለጊያ ያስገቡት፤ ወይም የክልሉን ቢሮ ይደውሉ። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የሚሠራው የፊላደልፊያው ነው። ስልኩን ከድረ ገጹ ይውሰዱ፤ ሰውየው ከሚሰጥዎ ወረቀት አይውሰዱ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ወይም የክሬዲት ካርድ ቁጥር፣ ገንዘብ፣ የትኛውን ፓርቲ እንደሚደግፉ ከጠየቀ ሴንሰስ አይደለም። «ካልመለስክ ለኢሚግሬሽን አሳልፌ እሰጥሃለሁ» የሚልም አይደለም። ወደ ውስጥ የማስገባት ግዴታ የለብዎትም፤ ደጃፍ ላይ መጨረስ ይቻላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ቋንቋዬ አማርኛ ነው ይበሉ፤ ሌላ ሰው ይመድባሉ ወይም በስልክ ያገናኛሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ ማድረግ ግዴታ አይደለም።

መልሴ ለኢሚግሬሽን፣ ለፖሊስ ወይም ለአከራዬ ይደርሳል?

ሕጉ ይከለክላል፤ ክልከላውም ጠንካራ ነው። ርዕስ 13 የሚባለው የፌዴራል ሕግ ክፍል 9 ሦስት ነገር ይላል፦ መልሱ ለስታቲስቲክስ ብቻ ይውላል፤ ግለሰብን የሚለይ ነገር አይታተምም፤ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ሠራተኞች በቀር ማንም አያየውም። መሐላው ዕድሜ ልክ ነው፤ ሥራ ከለቀቁም በኋላ ይጸናል። የጣሰ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ለራስዎ ያስቀሩት ቅጂ እንኳ ያለ ፈቃድዎ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።

በተግባርም ተፈትኗል። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ከተማና አንድ ካውንቲ የቆጠራውን የአድራሻ ዝርዝር ለማየት ያቀረቡትን ጥያቄ ውድቅ አድርጓል። በ2010 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የወጣው የፀረ ሽብር ሕግ ርዕስ 13ን እንደማይሽር በጽሑፍ አረጋግጧል። ስለዚህ ሊዙ ላይ አራት ሰው ተብሎ ስድስት እንደምትኖሩ ብትጽፉ አከራዩ ከሴንሰስ አይሰማም። ይህ ጥበቃ ግን የሴንሰስ ብቻ ነው። ለግብር መሥሪያ ቤት፣ ለሜዲኬይድ፣ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ የሰጡት መረጃ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ አንዱ ጋ የሆነውን ሌላው ጋ ማላከክ ያሳስታል።

አንድ በር ግን በጊዜው ይከፈታል። ከ72 ዓመት በኋላ የቆጠራው መዝገብ ስም ሳይቀር ለሕዝብ ይለቀቃል። የ1950ው የተለቀቀው ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ነው፤ የ2020ው በ2092 ይወጣል።

ሕግማ ድሮም ነበረ። ተጥሶ አያውቅም?

ተጥሷል፤ ይህን መደበቅ ጥርጣሬን ያባብሳል እንጂ አይቀንስም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 የወጣ የጦርነት ሕግ የቆጠራውን ምስጢራዊነት ለጊዜው አነሣው። የሴንሰስ ቢሮው የጃፓን ትውልድ ያላቸው ሰዎች በየትኛው ሰፈር ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ለጦሩ ሰጠ፤ ጦሩም ከምዕራብ ጠረፍ 120,000 ያህል ሰዎችን አስነሥቶ ወደ ካምፕ ሲያስገባ ተጠቀመበት። ለረጅም ጊዜ «ስም አልሰጠንም» ይባል ነበር። በ2007 ግን ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማርጎ አንደርሰንና ዊሊያም ሴልትዘር፣ በ1943 በዋሽንግተን ዲሲ የነበሩ የ79 ሰዎች ስምና አድራሻ ለሲክሬት ሰርቪስ መሰጠቱን የሚያሳይ ሰነድ አገኙ። ያ የጦርነት ሕግ በ1947 ቀርቷል። የዛሬው ርዕስ 13 ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅርብ ነው። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ቢሮው የአረብ ትውልድ ያላቸው ሰዎች በየዚፕ ኮዱ ስንት እንደሆኑ አደራጅቶ ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ሰጠ፤ በ2004 ይፋ ሆነ። ስም አልነበረበትም፣ ቁጥሩም ማንም ከድረ ገጽ ሊያወጣው የሚችል ነበር፣ ሕግም አልተጣሰም። ሆኖም ማኅበረሰቡ ተከዳሁ አለ፤ አልተሳሳተም። ቢሮው ከዚያ ወዲህ ስለ እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦች ከሕግ አስከባሪዎች የሚመጣ ጥያቄ በበላይ ኃላፊዎች እንዲፈቀድ አደረገ።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ልዩነት አለ። ርዕስ 13 ሰውን ይጠብቃል፤ ሰፈርን አይጠብቅም። በአንድ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዳሉ የሚናገር ቁጥር ይታተማል፣ መታተሙም ነው ጥቅሙ። እርስዎ በስንተኛው ቤት እንደሚኖሩ ግን አይታተምም።

ቆጠራው ዜግነት ይጠይቃል ይባላል። እውነት ነው?

የ2020ው አልጠየቀም። በ2018 የንግድ ሚኒስትሩ ጥያቄውን እንደሚያስገቡ ሲያስታውቁ ብዙ ግዛቶች ከሰሱ፤ ጁን 27 ቀን 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሰጠው ምክንያት እውነተኛው አይመስልም ብሎ አገደው። ብዙ ወገኖቻችን ግን የሰሙት የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ነበር፤ ጥያቄው ቀርቶም ፍርሃቱ አልቀረም። በኦገስት 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ሰዎች የማይካተቱበት አዲስ ቆጠራ እንዲጀመር ማዘዛቸውን ተናግረዋል። ንግግር ሕገ መንግሥት አይለውጥም፤ ለ2030 ግን ቅጹ እጅዎ ሲገባ ራስዎ ያንብቡት እንጂ የሰው ወሬ አይመኑ።

ወፍራሙ ቅጽ ዜግነትን ይጠይቃል፣ ከጥንትም ይጠይቅ ነበር፦ እዚህ ተወለዱ፣ ዜግነት አገኙ ወይስ ዜጋ አይደሉም፤ በየትኛው ዓመት ገቡ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ወረቀት ይኑረው አይኑረው ግን አይጠይቅም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ተማሪውም፣ ጥገኝነት ጠያቂውም አንድ ሣጥን ውስጥ ነው የሚገቡት።

ደመወዜን፣ ሥራ የምሄድበትን ሰዓት፣ በቤት የምናገረውን ቋንቋ ማወቅ ለምን አስፈለጋቸው?

ስለ ሥራ መሄጃ ሰዓት ያለው ጥያቄ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። «ከቤት በስንት ሰዓት ይወጣሉ?» ሲባል ቤቱ ባዶ የሚሆነው መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ ሌባ ይመስላል። በኋላ ጉዞው የሚጀምርበትን ሰዓት ወደሚጠይቅ አነጋገር ተለውጧል። መልሱ ለመንገድና ለአውቶቡስ ዕቅድ ነው የሚውለው፤ ንጋት ላይ ወደ ኤርፖርት ወይም ወደ ሆስፒታል ፈረቃ የሚሄድ ሰው ካልተናገረ ለዚያ ሰዓት አውቶቡስ የሚመድብ የለም።

ቋንቋው እኛን በቀጥታ ይነካል። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ሰነዶቹን እንዲያስተረጉም ያስገድዳል። አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ የሆነው ሰው ስለተቆጠረ ነው። አንድ የተሳሳተ ተስፋም እናርም፦ «በደንብ ከተቆጠርን የምርጫ ወረቀት በአማርኛ ይመጣል» የሚባለው በፌዴራል ሕግ አይሠራም። የምርጫ መብት ሕግ ክፍል 203 የሚመለከተው ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችንና የአላስካን ብቻ ነው። ቁጥራችን የቱንም ያህል ቢያድግ፣ ያ ሕግ ካልተለወጠ አማርኛ አይገባበትም።

ዝም ብልስ? ይቀጡኛል?

ዋናውም ወፍራሙም በሕግ ግዴታ ናቸው። ርዕስ 13 ላለመመለስ 100 ዶላር፣ ሆን ብሎ ለመዋሸት 500 ዶላር ይላል፤ ከአጠቃላዩ የቅጣት ሕግ ጋር ሲነበብ ጣሪያው 5,000 ዶላር ነው። በተግባር ባለመመለሱ የተከሰሰ ሰው ለአሥርት ዓመታት የለም። ስለዚህ «ዛሬ ካልሞላህ ነገ ትቀጣለህ፣ አሁን ክፈል» የሚል የስልክ ጥሪ ማጭበርበር ነው።

ዝምታ ግን አይሰውርም። ለዋናው ቆጠራ ካልመለሱ ቆጣሪ እየተመላለሰ ይመጣል፤ እርስዎን ካጣ ጎረቤትን ወይም አከራይን ይጠይቃል። ምስጢሬ አይውጣ ብሎ በር የዘጋ ሰው ስለ ቤተሰቡ የሚናገረው ጎረቤቱ ይሆናል፤ ያውም በግምት። በ2020 ደግሞ ቢሮው ያልመለሱ አንዳንድ ቤቶችን ከግብርና ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ እያየ ቆጥሯል። ከእነዚህ መዝገቦች ውጪ የሆነው፣ ሊዝ ላይ የሌለው ዘመድና ገና ያልተመዘገበው ሕፃን ይቀራል። በ2020 ጥቁሮች በ3.30 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በ2.79 በመቶ አንሰው ተቆጥረዋል፤ ነጮች በ1.64 በመቶ በልጠው።

የማይመቸዎት ጥያቄ አንድ ሁለት ቢሆን ቅጹን በሙሉ ከመጣል የተመቸዎትን ሞልቶ መላክ ይሻላል። ሕጉ ሁሉንም ይጠይቃል፤ ቢሮው ግን የጎደለ ቅጽንም ይቀበላል፣ ምናልባት ስለጎደለው ይደውላል።

ስሜ ካልወጣ ቁጥር ብቻውን ሊያጋልጠኝ ይችላል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ገብቶታል። የታተሙ ሠንጠረዦችን በኮምፒውተር እርስ በርስ እያጋጠሙ የግለሰቦችን መልስ መልሶ መገንባት ይቻላል። የቢሮው ሳይንቲስቶች ራሳቸው በ2010ሩ ቆጠራ ላይ ሞክረውት 46 በመቶ የሚሆኑ ሰዎችን ብሎክ (ቆጠራው የሚጠቀምበት ትንሹ የሰፈር ክፍል)፣ ፆታ፣ ዕድሜና ዘር ሳይሳሳቱ አገኙ፤ ከንግድ መረጃ ጋር ሲያገናኙትም 17 በመቶውን ሕዝብ በስም ለዩ።

ስለዚህ በ2020 ሠንጠረዦቹ ላይ ሆን ተብሎ ጥቃቅን የዘፈቀደ ለውጥ ተጨመረ። የግዛቶች ጠቅላላ ሕዝብ አልተነካም፤ ወደ ብሎክ ሲወርዱ ግን ቁጥሩ በጥቂት ሰው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በአንድ ብሎክ አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ብቻ ቢኖር ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው እዚያ መኖሩን እርግጠኛ መሆን አይችልም። ዋጋውን የሚከፍሉት ማኅበራት ናቸው፦ ለድጎማ ማመልከቻ የብሎክ ቁጥር ከጠቀሱ ይሳሳታሉ፤ የካውንቲ ወይም የከተማ ቁጥር ይጠቀሙ።

አባቴ «ቆጠራ የመንግሥት ወጥመድ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ምን ልበላቸው?

ፍርሃታቸው ከመሬት አልተነሣም። በደርግ ጊዜ ስኳር የሚያድለውና ቤት የሚመዘግበው ቀበሌ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ የሚመለምለውም እሱ ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በዚያ ዘመን፣ በ1976 ዓ.ም. ነው። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት ብሔርና ሃይማኖት የሚጠይቁ ናቸው፤ አራተኛው ደግሞ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚህ ሁሉ በፊት ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት እንደመጣበት በመጽሐፈ ሳሙኤል የሰሙ አረጋዊ ሰው መቆጠርን ቢፈሩ አይደንቅም።

ስለዚህ «አሜሪካ ነው፣ አይፍሩ» አይበሏቸው፤ የጃፓኖቹን ታሪክ ቢሰሙ ልክ ነበርኩ ይላሉ፣ ልክም ናቸው። ቅጹን አብረዋቸው ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ያንብቡላቸው፤ የማይጠየቀውን ሲያዩ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ልጆች ለጦር ብቁ መሆን አለመሆናቸው፣ ሐሳባቸው ሊለወጥ ይችላል። በ2020 የአማርኛ መመሪያ በቪዲዮና በጽሑፍ ነበር፤ የኢንተርኔት ቅጹ ግን በአማርኛ አልነበረም፣ ስለዚህ መመሪያውን በአንድ እጅ፣ ቅጹን በሌላ ይዞ መሙላት ነው። በእርስዎ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ሳያማክሯቸው ስማቸውን አይጻፉ። ሕጉ አንድ ሰው የቤቱን ሁሉ እንዲሞላ ይፈቅዳል፤ አባትዎ ግን ስማቸው በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ የፈሩት ሰው ናቸው፣ የልደት ዓመታቸውን ራሳቸው ይንገሩዎት።